የተቃውሞ ሰልፍ ዜና፦ ተረትና እውነታ

በተቃውሞ ሰልፍ ዜና ላይ የሚታየው ወገንተኝነት ብዙ ጊዜ የፈጠራ ወሬ ተደርጎ ይታሰባል። አድልዎው በአብዛኛው የሚገባው ግን በምርጫ ነው፤ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚጠየቅ ሲወሰን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተረት 1፦ እያንዳንዱ መረጃ እውነት ከሆነ ዘገባው አያዳላም።

እውነታ፦ ኦክቶበር 27 ቀን 1968 በለንደን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። አብዛኛው ሰልፈኛ በሰላም ወደ ሃይድ ፓርክ ሲያመራ፣ ጥቂቱ ተገንጥሎ የአሜሪካ ኤምባሲ ወደሚገኝበት ግሮቭነር አደባባይ ሄዶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ጋዜጦች ብጥብጥ ይነሣል ብለው አስቀድመው ሲጽፉ ስለቆዩ፣ ከሰልፉ በኋላም ያጎሉት ግጭቱን ነበር። በጄምስ ሃሎራን የተመራው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ1970 ታትሞ፣ የዘገባውን ቅርጽ የወሰነው ይኸው ቀድሞ የተያዘ ግምት መሆኑን አሳየ። ግጭቱ በእርግጥ ነበር፤ የተዛባው ከጠቅላላው ሰልፍ የተሰጠው ድርሻ ነው።

ተረት 2፦ ካሜራ አይዋሽም።

እውነታ፦ የፊልም ትርጉም በቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ጁን 18 ቀን 1984 በእንግሊዝ ኦርግሪቭ በተባለው ቦታ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ አድመኞችና ፖሊስ ተጋጩ። ቢቢሲ በዚያ ምሽት ዜናው መጀመሪያ ሠራተኞቹ ድንጋይ ሲወረውሩ፣ ቀጥሎ ፈረሰኛ ፖሊስ ሲገሠግሥባቸው አሳየ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ እንደነበር ጣቢያው ከዓመታት በኋላ አምኖ፣ ሆን ተብሎ እንዳልተደረገ ገለጸ። በ95 ሠራተኞች ላይ የቀረበው ክስ በ1985 ፈረሰ፤ የደቡብ ዮርክሻየር ፖሊስም በ1991 ለ39 ሠራተኞች 425,000 ፓውንድ ካሳ ከፈለ።

ተረት 3፦ የሰልፈኛው ቁጥር ከማንም ወገን ያልሆነ መረጃ ነው።

እውነታ፦ በአደባባይ የወጣ ሕዝብ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ የቦታው ስፋት በሰዉ ጥግግት ተባዝቶ ይገመታል። በ1995 በዋሽንግተን በተካሄደው «የሚሊዮን ወንዶች ሰልፍ» የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት 400,000 ሰው ወጣ ሲል፣ አዘጋጆቹ ከሚሊዮን በላይ ነው አሉ። የአየር ላይ ፎቶግራፍ የመረመሩ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ደግሞ ወደ 837,000 ገመቱ፤ ይህም በ20 በመቶ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ እንደሚችል አመለከቱ። ገማቹን ሳይጠቅስ አንዱን ቁጥር ብቻ የሚያወጣ ዜና ሳያውቀው ወገን ይይዛል።

ተረት 4፦ አድልዎ ሁልጊዜ ከበላይ የሚመጣ ትእዛዝ ነው፤ ሁልጊዜም በሰልፈኛው ላይ ያነጣጥራል።

እውነታ፦ ትእዛዝ የሚሰጥበት አገርና ጊዜ አለ። ያለ ትእዛዝም ግን የዕለት ተዕለት አሠራር ያዳላል። የፖሊስ ቃል አቀባይ መግለጫውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የተበተነን ሰልፈኛ አፈላልጎ ማነጋገር ግን ጊዜ ይፈጃል፣ የዜና ሰዓት ደግሞ አይጠብቅም። የአድልዎው አቅጣጫም አንድ አይደለም። ጆሴፍ ቻንና ቺን ቹዋን ሊ በ1984 ባቀረቡት የሆንግ ኮንግ ጥናት፣ የፖለቲካ ዝንባሌያቸው የተለያየ ጋዜጦች ተቃውሞን በየራሳቸው መነጽር እንደሚዘግቡ አሳይተዋል።

ስለዚህ የሰልፍ ዜና ሲመዘን «እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩን ማን ገመተው፣ ከምስሉ በፊት ምን ሆነ፣ የሰልፉ ጥያቄስ ተነገረ ወይ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።