ከአንድ ጀሪካን ጠጥተው አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል? የኮሌራ ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ

በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በአገራችን ሲቀሰቀስ ከተጠቁት ክልሎች አንዱ አፋር ነበር። የጤና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ «አተት» ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሚል ስም ይጠሩታል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሎጊያና ሰመራ በዚህ ተፋሰስ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ጀሪካን ይጠጣሉ፤ አንዱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑ ጎድጉዶ ይዝለፈለፋል፣ ሌላው ግን ምንም አይሆንም።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመንገዱ ከተሞች፣ የስኳር እርሻዎች፣ ከብትና ግመል አሉ። ላይ የተጣለው ታች ላለው ይደርሳል። በነሐሴ 2012 እንደደረሰው ዓይነት ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ መጸዳጃውና መጠጡ ይቀላቀላሉ።

የኮሌራ ባክቴሪያ ውሃ ውስጥ ሳለ በሽታ የሚያስከትሉት ጂኖቹ በአብዛኛው ጠፍተው ነው የሚኖሩት። መርዝ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል፤ ወንዝ ውስጥ ደግሞ መርዙ ምንም አይጠቅመውም። የሚገርመው የመርዙ ጂን የራሱ አለመሆኑ ነው። ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ይዞለት የመጣ መሆኑን ዋልዶርና መካላኖስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 አሳይተዋል።

ባክቴሪያው ከተዋጠ በኋላ አብዛኛውን የጨጓራ አሲድ ይገድለዋል። ተርፎ ትንሹ አንጀት የደረሰው ሐሞት ያገኛል፣ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ በአንጀት ውስጥ ያለው ባይካርቦኔትም ይነካዋል። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የተቀመጡ ፕሮቲኖች ይህን ለውጥ ያውቃሉ፤ ቶክስ-ቲ የተባለውን ዋና ማብሪያ ይጫናሉ። ቶክስ-ቲ ሲበራ ሁለት ሥራ ይጀመራል። አንደኛው ባክቴሪያው እንዲሰፍር የሚረዱትን ጸጉር መሰል ክሮች መሥራት ነው። ሁለተኛው መርዙን ማምረት ነው። መርዙ የአንጀት ሴሎችን የጨው በር ከፍቶ ይተወዋል፤ ጨው ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል። በጠና የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። በሰመራ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ማጥፊያው ይመጣል። ባክቴሪያዎች በሚለቁት ኬሚካል እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ቦኒ ባስለርና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ብዙ ተህዋሲያን ቁጥራቸው ሲበዛ ነው የሚያጠቁት። ኮሌራ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሲበዛ የበሽታ ጂኖቹን አጥፍቶ ለመውጣት ይዘጋጃል። ከታማሚ አዲስ የወጣው ባክቴሪያ ለተወሰኑ ሰዓታት ከተለመደው በላይ ተላላፊ ሆኖ ይቆያል። ወንዝ ዳር መጸዳዳት አደገኛ የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ነው፦ የጨጓራ አሲድ፣ ቀድሞ የተገኘ መከላከያ፣ የጠጡት መጠን፣ የደም ዓይነት ጭምር (ኦ የሆኑ ሰዎች ይበልጥ ይጠናባቸዋል)። አንዱ ምክንያት ግን በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ የኮሌራ ታማሚዎችን አንጀት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ብላውሺያ ኦቤየም የተባለች ባክቴሪያ ከማገገም ጋር እንደምትያያዝ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአይጦች ላይ አንዱን መንገዷን አሳየ። ይህች ባክቴሪያ የኮሌራን ጂን የሚያበራውን የሐሞት ጨው ትሰብረዋለች፤ ኮሌራው አንጀት መድረሱን የሚያውቅበት ምልክት ይጎድለዋል ማለት ነው።

ይህ ግኝት ገና መድኃኒት አልሆነም፤ «የአንጀት ባክቴሪያ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ አይመኑት። ነገር ግን ተቅማጥ በያዘን ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ መዋጥ ጎረቤቶቹን ጭምር መግደል መሆኑን ያስረዳል። ለጠና ታማሚ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ሕይወት የሚያድነው ዛሬም ፈሳሽ መተካት ነው። ሳይታከም የቀረ ከባድ ኮሌራ ግማሽ ያህሉን ታማሚ ሊገድል ይችላል፤ በወቅቱ ሲታከም ሞቱ ከመቶ አንድ በታች ነው። ኦ.አር.ኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ እያጠጡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ረመዳን ቢሆንም ታማሚው ይጠጣ፤ ለታመመ ሰው ማፍጠር ተፈቅዷል፣ ሲድን ቀዷ ያወጣል።

ለውዱእ አፍ የምንጉመጠመጥበት ውሃም እንደ መጠጥ ውሃ ይታሰብ፤ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ይጨመርበት። በኮሌራ የሞተን ሰው ጀናዛ የሚያጥቡ ደግሞ ጓንት ያድርጉ፣ በክሎሪን ያጽዱ፤ ያጠቡት ሰዎች በዚያው ቀን ለለቅሶ ደራሽ ምግብ አያዘጋጁ።