ተጨማሪ መረጃ፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታና የቀለም ቋንቋ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ (እ.ኤ.አ. 1932–1981) ሐረር ተወልዶ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተምሯል። ጀርመን፣ ኮሎኝ ሥዕል አጥንቶ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ካስተዋወቁት ግንባር ቀደም ሠዓልያን አንዱ ሆነ።

በረቂቅ ሥዕል ቀለም የነገሩን መልክ ከመቅዳት ይልቅ ስሜቱን ይገልጻል። ዛፍ ሳይሣል አረንጓዴው ብቻ የክረምትን ልምላሜ፣ በሬና ሞፈር ሳይታዩ ቡናማው ብቻ የታረሰ ማሳን ሊያሳስብ ይችላል። «ጎልጎታ» በተሰኘው የገብረ ክርስቶስ ሥራ ደማቁ ቀይ ስቃይን አጉልቶ ያሳያል።

ዕድሉን ስታገኙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎብኙ፤ ስለ አካባቢያችሁ ኑሮ የሚናገሩ ሦስት ቀለሞችንም መርጣችሁ ምክንያታችሁን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።