ሦስቱ ቁልፎች ከጠረጴዛው አያልፉም

የመውጫ ፈተና ሲቃረብ ጅግጅጋ ላይ አንድ ወሬ ይናፈሳል። አንድ ተማሪ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን አንድ ላይ ከተጫነ የኮምፒውተር ላቡ በሙሉ ይጠፋል፣ የሁሉም ተፈታኝ መልስ አብሮ ይሄዳል ይባላል። ፈተናው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ወሬው ጆሮ ያገኛል። ሁሉም ተርሚናሎች በአንድ ሰርቨር በሚንቀሳቀሱበት ላብ ደግሞ ይበልጥ እውነት ይመስላል።

እውነት አይደለም። ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ጉዳቱ ግን ተማሪው ስክሪኑ ስታክ ሲያደርግበት እጁን አጣጥፎ ሰዓቱ እንዲያልፍ ማድረጉ ነው። ላብ የሚጠብቁ ሰዎች ጭምር ይህን ሲደጋግሙት መስማት ያናድዳል።

በእንዲህ ያለ ላብ ተርሚናል የሚሆነውን፣ ሲን ክላየንት የሚባለውን ትንሽ ሳጥን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ይገጠሙለታል፤ ሥራው የሚሠራው ግን ሰርቨሩ ላይ ነው። ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ወዴት ነው የሚሄደው?

መጀመሪያ የሚደርሰው እጅዎ ሥር ላለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ የፊደሉን መልክ አያውቅም። የሚያውቀው የቁልፉን ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ የ«ኤ» ቁልፍ ቁጥር 30 ነው። በማይክሮሶፍት የርቀት ዴስክቶፕ የሚሠራ ከሆነ ይህን ቁጥር በኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩም አብዛኛውን ጊዜ በወደብ 3389 ይቀበለዋል። ቁልፉ ሲጫን አንድ መልእክት፣ ሲለቀቅ ሌላ መልእክት ይሄዳል። ይህን ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት አንድ ላይ ሲጫኑ ግን ከዚህ መንገድ ውጭ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአይቢኤሙ መሐንዲስ ዴቪድ ብራድሊ ጥምረቱን የፈጠረው ኮምፒውተሩን እንደገና ለማስነሳት ነበር። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ሌላ ሥራ ሰጠው። ሦስቱ ቁልፎች ሲጫኑ የሚቀበላቸው ራሱ ዊንዶውስ እንጂ ሌላ ተራ ፕሮግራም እንዳይሆን ተደረገ። ምክንያቱ ደህንነት ነው፤ የይለፍ ቃል ለመስረቅ የተሠራ የውሸት መግቢያ ገጽ እነዚህን ቁልፎች ሊጠልፋቸው አይችልም። የርቀት ዴስክቶፑም ተራ ፕሮግራም ስለሆነ ሊጠልፋቸው አይችልም፤ ስለዚህ ጥምረቱን ወደ ሰርቨሩ አይልከውም። ሳጥኑ ዊንዶውስ የተጫነበት ከሆነ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀራሉ። ላቡን ሊያጠፉ ቀርቶ ሰርቨሩ ሦስቱ አንድ ላይ መጫናቸውንም አያውቅም።

ለሰርቨሩ የሚደርሰው ተተኪያቸው ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢንድ ነው። የሚያወጣው ዝርዝርም የሚመለከተው የእርስዎን ሴሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ለእርስዎ የተከፈተውን ሥራ፣ ብቻ ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍተው የደረቀውን ፕሮግራም መዝጋት ይችላሉ፤ ተራ ተጠቃሚ ከሆኑ የጎረቤትዎን ፕሮግራም መዝጋት አይችሉም። መጠንቀቅ ያለብዎት «ሳይን አውት» ከሚለው ነው፤ እሱ ሴሽኑን ይዘጋል፣ ያልተቀመጠ ሥራም ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሙያተኞች ሊሞግቱኝ ይችላሉ፤ ሙግታቸውም ትክክል ነው። ያልኩት ሁሉ ለማይክሮሶፍቱ አሠራር ነው። በሲትሪክስ የቆየው ልማድ ኮንትሮልና ኤፍ 1፣ በቪኤምዌር ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢንሰርት ነው። ሊኑክስ የተጫነበት ሳጥንም ቁልፎቹን በራሱ መንገድ ሊያስተናግዳቸው ይችላል። የፈተናው መልስ መቼ እንደሚቀመጥ የሚወስነውም የፈተናው ሥርዓት እንጂ ኪቦርዱ አይደለም። ግን በየትኛውም ቢሆን የአንድ ተፈታኝ ቁልፍ የሌላውን ሴሽን አይዘጋም።

መብራት ሲጠፋስ? ሰርቨሩ በዩፒኤስ ተይዞ ከሆነ የተርሚናሉ መጥፋት ሴሽኑን አይዘጋውም። ግንኙነቱ ብቻ ይቋረጣል፤ መብራት ሲመለስ በዚያው መለያ ሲገቡ፣ አስተዳዳሪው አጭር ገደብ ካላበጀለት በቀር፣ ገጹ እንደነበረ ይጠብቅዎታል። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ ግን ሁሉም አብሮ ይወድቃል። የዚህ ቴክኖሎጂ እውነተኛ ድክመት ይህ ነው፤ ሥጋት የሚያስፈልገው ሰው እዚህ ላይ ይሥጋ።

አሁን ወደ ሁለቱ የመጫንና የመልቀቅ መልእክቶች ልመለስ፤ «ኪቦርዱ አበደ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣልና። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ እየጻፈች ነው እንበል። የርቀት ዴስክቶፑ በመስኮት ተከፍቷል፣ ሙሉ ስክሪን አይደለም። ኦልትና ታብን ትጫናለች። የኦልት መጫን ለሰርቨሩ ይደርሳል። ታቡን ግን ሳጥኑ ለራሱ ወስዶ ወደ ሌላ መስኮት ያሻግራታል። ጣቷን ከኦልት ስታነሳ የመልቀቁ መልእክት ሰርቨሩ ጋ አይደርስም፤ በር ዘግቶ የወጣ ሰው ከውስጥ ላሉት «ወጣሁ» ብሎ እንዳልነገራቸው ያህል ነው። ተመልሳ «ኤፍ»ን ስትነካ ፊደል በመጻፍ ፈንታ ሜኑ ይከፈታል። ቫይረስ ገባ ይባላል፤ ኪቦርድ ይቀየራል፤ ሰርቨር ሪስታርት ይደረጋል፤ የሌሎችም ሥራ ይቋረጣል።

መፍትሔው ግን ግራና ቀኝ ያሉትን ኦልት፣ ኮንትሮልና ሺፍት አንድ አንድ ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ ነው። የርቀት ዴስክቶፑ ፕሮቶኮል መስኮቱ ተመልሶ ሲመረጥ ሁሉንም ቁልፍ እንደተለቀቀ የሚያስቆጥር መልእክት አለው፤ ያ መልእክት ሳይደርስ ሲቀር ግን በእጅ መልቀቅ ነው።

ይህ ችግር በሶማሌ ክልል ቢሮዎች ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ተራው ኪቦርድ ይበቃዋል፤ አማርኛው ግን የግዕዝ ፊደል ይፈልጋል። አንድ ሠራተኛ በቀን ብዙ ጊዜ በኦልትና ሺፍት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ቁልፉን በፊደል የሚተረጉመው ሰርቨሩ ስለሆነ የአማርኛ ኪቦርዱ ወይም ፓወር ግዕዝ መጫን ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ ጭኖ «አልሠራ አለ» ማለት ትርጉም የለውም።

ሰርቨሩ ሩቅ ሆኖ ግንኙነቱ በሳተላይት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከሆነ ቁልፉ ደርሶ ፊደሉ ስክሪን ላይ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ቸኩሎ ቁልፉን ዳግም የነካ ሰው ሁለት ፊደል ያገኛል፤ ሁለቱም መልእክት ደርሷልና።

የኦልትና ታቡን ችግር ከመነሻው ለማስቀረት ደግሞ፣ በርቀት ዴስክቶፑ መግቢያ ላይ፣ ከመገናኘትዎ በፊት፣ የዊንዶውስ የቁልፍ ጥምረቶች የት ይሥሩ የሚል ምርጫ አለ፦ በዚህ ኮምፒውተር፣ በርቀቱ ኮምፒውተር፣ ወይም ሙሉ ስክሪን ሲሆን ብቻ በርቀቱ። ሳይነካ የሚገኘው ሦስተኛው ነው። ሁለተኛውን ቢመርጡ ኦልትና ታብ በመስኮትም ሆነው ሰርቨሩ ጋ ይደርሳሉ። ካልሆነም ኮንትሮል፣ ኦልትና ብሬክን ተጭነው ወደ ሙሉ ስክሪን ይግቡ።