ጭሮ ላይ ሳላማንደር የለም፤ የኩኒን ስም የያዘች እንቁራሪት ግን አለች

ቲክቶክ ላይ አይታችኋት ይሆናል። ጥቁር ገላዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት፣ እርጥብ ቅጠል ላይ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ እንሽላሊት የምትመስል ፍጡር። ሳላማንደር ትባላለች። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ቀለል ሲልና ዝናብ ሲጥል በሌሊት ከተደበቀችበት ስለምትወጣ፣ ሰዎች ባትሪና ስልክ ይዘው ይጠብቋታል።

እኛ ጋስ? ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ ወይም ገለምሶ አካባቢ ትገኝ ይሆን?

አጭሩ መልስ፦ አትገኝም። አፍሪካ ውስጥ ሳላማንደር በተፈጥሮ ያለው ሰሜን ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ። ከሰሃራ በታች አንድም የለም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ያያችኋት እንሽላሊት ናት። መለያው ቀላል ነው፦ እንሽላሊት ደረቅና ቅርፊት ያለው ቆዳ፣ የሾለ ጥፍርም አላት። የሳላማንደር ቆዳ ግን እርጥብና ለስላሳ ነው።

የሳላማንደር ዘመዶች ግን ደጃችን ላይ አሉ፦ እንቁራሪትና ጉርጥ። አገራችን ውስጥ ከ70 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዚህ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ የትም አገር አይገኙም። አንዷ ደግሞ የሰፈራችንን ስም ይዛ ነው የምትዞረው።

የኩኒዋ እንቁራሪት

የገመቺስ ወረዳዋን ኩኒን ታውቋታላችሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃት በኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ፍራንሷ ሞካር የሚባል ፈረንሳዊ የእንስሳት ተመራማሪ ከዚህ አካባቢ የተገኘችን እንቁራሪት ለሳይንስ አስመዘገበ፤ የኩኒንም ስም ሰጣት። ዛሬ ሳይንሳዊ ስሟ ፓራካሲና ኩንሂየንሲስ ነው። "ኩንሂ" የሚለው ያኔ ፈረንሳዮቹ ኩኒን የጻፉበት መንገድ ነው።

ይቺ እንቁራሪት ያለችው በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ ነው። አመጋገቧም ለየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሮበርት ድሪውስ እና ባሪ ሮዝ ባሳተሙት ጥናት፣ እሷና የቅርብ ዘመዷ ቀንድ አውጣ በል መሆናቸውን አሳይተዋል። ቀንድ አውጣውን ከነዛጎሉ ነው የሚውጡት! በእንቁራሪቶች ዘንድ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር ነበር።

መቼ ነው የሚወጡት?

እንቁራሪት በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ቆዳዋ ከደረቀ ትሞታለች። ለዚህ ነው በበጋ ጭቃ ውስጥ፣ ድንጋይ ስር፣ የበሰበሰ ግንድ ስር የምትደበቀው። የበልግ ዝናብ ሲጀምርና በክረምት ድምፃቸው ይሰማል። የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ሴቷን እየጠራ።

አንዳንድ ዓመት ግን በጋው ይለሰልሳል። የሌሊቱ ብርድ ይቀንሳል፤ ታኅሣሥ ወይ ጥር ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ይጥላል። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው አሪፍ ሌሊት ነው። ለእንቁራሪት ግን ቁማር ነው። ኩሬው ሞልቷል ብላ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ፀሐይ ተመልሳ ኩሬውን ብታደርቀው፣ ልጆቿ እግር ሳያወጡ ያልቃሉ።

ስልክ ብቻ ይዛችሁ

ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። እነዚህን ብቻ ያዙ፦

1. ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ከመሸ ውጡ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ማሳ ከሆነ አስቀድማችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። እንቁራሪት ባለበት እባብም ሊኖር ስለሚችል እጃችሁን ጉድጓድ ውስጥ አትክተቱ።

2. መጀመሪያ ስሙ። ቆማችሁ መብራት አጥፉ፤ ድምፁንም በስልካችሁ ቅዱ። ዝርያን ለመለየት ድምፅ አንዳንዴ ከፎቶ ይበልጣል።

3. የካሜራውን ፍላሽ ተዉት። ጓደኛችሁ በሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን ያብራላችሁ። እርጥብ ቆዳ ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው የሚወጣው።

4. ዝቅ በሉና በዓይኗ ልክ አንሱ። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት አንድ አንድ ፎቶ ይበቃል። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ ሳንቲም አስቀምጡ።

5. አትንኳት። እጃችን ላይ ያለው ቅባትና ሳሙና በቆዳዋ ይገባል። ድንጋይ ካነሳችሁ እንደነበረ መልሱት።

6. ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። አይናቹራሊስት የሚባለው ነጻ አፕ ላይ ከጫናችሁት ሌሎች ሰዎች ዝርያውን ለመለየት ያግዟችኋል።

አንድ ፎቶ ምን ይጠቅማል?

ባሌ ተራሮችን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እዚያ ብቻ የሚገኙ አንዳንድ እንቁራሪቶች ቁጥራቸው በጣም መመናመኑን አመልክቷል። ይህ ሊታወቅ የቻለው የሚነጻጸር የቆየ መዝገብ ስለነበረ ነው። መዝገብ በሌለበት አንድ ዝርያ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

ችግሩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የጨረሰው የቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችም መኖሩ ተረጋግጧል። ከኩሬ ወደ ኩሬ በጭቃ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ወደ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ። ውሃውም ራሱ ዋስትና የለውም። ጎረቤታችን የሐሮማያ ሐይቅ ምን እንደሆነ አይተናል፤ ለመስኖና ለከተማ ሲቀዳ ኖሮ ደርቆ ነበር። በኋላ ውሃው ተመለሰ፤ በደረቀበት ዘመን ግን ውስጡ የሚኖር ነገር ሁሉ የሚሄድበት አልነበረውም። እኛም ጋ ጫት የሚጠጣው፣ ሰው የሚጠጣውና እንቁራሪት የምትወልድበት ውሃ አንድ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ዝናብ ሲጥል ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠብቁ። የኩኒ ስም ከ100 ዓመት በላይ በሳይንስ መዝገብ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ባለስሟን እንቁራሪት ፎቶ አንስቶ ለዓለም የሚያሳየው ደግሞ የጨርጨር ልጅ ቢሆን ደስ ይለናል።