ጥቁሩ አፈር ወዴት ሄደ?

ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው አንድ ዓይነት አፈር አይረግጥም። ጅባራና አስታ በሚበቅሉበት ውርጭ አፈሩ ጥቁርና ልል ነው። ቅጠሉና ሥሩ በስብሶ የሚተወው ኦርጋኒክ ቁስ በብርዱ ምክንያት ቶሎ አያልቅም፤ ይጠራቀማል። ወደ ቆላው ሲወረድ ሙቀቱ አብላይ ደቂቅ ዘአካላትን ስለሚያበረታ ክምችቱ እየሳሳ ይሄዳል።

የአፈር ሳይንስ መጽሐፍ የሚለው ይህን ነው፤ የታረሰ ተዳፋት ላይ ግን ነገሩ ይዘበራረቃል። ማረሻ አፈሩን ፈልቅቆ አየር ሲያስገባበት መበስበሱ ይፋጠናል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ስለሚውል የሚተካው ጥቂት ነው። ከዚያ የሐምሌ ዝናብ ይመጣል። ጎርፍ ደግሞ መርጦ ነው የሚወስደው፦ ኦርጋኒክ ቁስ ቀላል ከመሆኑም በላይ ከደቃቁ ሸክላ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ቀድሞ ይሄዳል፤ ጠጠሩ ይቀራል። የተሸረሸረ ማሳ በየዓመቱ ድንጋይ የሚያበቅል የሚመስለው ለዚህ ነው።

የታጠበው ሁሉ ግን ዓባይ አይገባም። ከፊሉ ተዳፋቱ ግርጌ ላይ፣ ከፊሉም እርከን ሥር ይቀራል። ደምበጫ አካባቢ ባለችው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በኋላ እዚያ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ፤ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ ይደፋና ክትር ይሆናል። ጎርፉ ያመጣው ደለል ክትሩን ተደግፎ ሲከማች፣ ማረሻውም አፈሩን ወደ ታች ሲገፋ፣ ዳገቱ ቀስ በቀስ ደረጃ ሆነ።

በሁለት ክትሮች መካከል ያለውን ቁራጭ ማሳ ልብ ብላችሁ እዩት። የታችኛው ጠርዝ፣ ደለሉ ያረፈበት፣ ጥልቅና እርጥብ ነው፤ ሰብሉ ይፋፋል። የላይኛው ጠርዝ ግን ተገፎ ቀዩ የውስጥ አፈር ወጥቷል፤ ሰብሉ አጥሮ ይገረጣል። ርቀቱ ጥቂት እርምጃ ቢሆንም ልዩነቱ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የተሻገሩ ያህል ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት እርከን ሲወደስ የሚዘነጋው ይኸው ነው፤ አፈሩን ያቆመዋል እንጂ የላይኛውን ጠርዝ አይመልሰውም። የሚመልሰው ፍግና ኮምፖስት ነው፤ አመድና ፍግ የለመደውን የጓሮ አፈር ጥቁረት ያየ አይጠራጠርም።

ስለዚህ ለምርመራ ናሙና ስትወስዱ የማሳውን ላይና ታች በአንድ ከረጢት አትቀላቅሉ፤ የሁለቱ አማካይ የሁለቱንም ችግር ይሸፍናል። ያላችሁ ፍግ ጥቂት ከሆነም መጀመሪያ ለላይኛው ጠርዝ ስጡት።