በእንቁላል ነጭ ውስጥ የታየው የፕላቲን መድኃኒት

በመንዝ ደጋ በዘመሮ የኅዳር ውርጭ በሣር ላይ ሲወርድ ማልዶ የተመለከተ ሰው፥ ውኃ በብርድ ጊዜ በሥርዓት ተደርድሮ ጠጠር እንደሚሆን ያውቃል። ጨው የሟሟበትም ውኃ ሲደርቅ ማዕዘን ያለው ጠጠር ከዕቃው ግርጌ ይቀራል። እንዲህ በሥርዓት የተደረደረውን ጠጠር ሊቃውንት ክሪስታል ይሉታል። የፍጥረት ሁሉ ሥጋ የተሠራበት ፕሮቲንም በጥበብ ክሪስታል ሊሆን ይችላል። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን በነቀርሳ (በካንሰር) የታመመች እናቱን ወይም እኅቱን ይዞ ከዘመሮ እስከ አዲስ አበባ ለሚደክም የቤተ ሰብ አለቃ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ፕላቲን በአገራችን በወለጋ በዩብዶ ከጠላት ወረራ አስቀድሞ ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ውድ ማዕድን ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ዓ. ም. ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ረቂቅ ተሕዋስያን ባሉበት ውኃ ውስጥ በፕላቲን ዘንግ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያሳልፍ፥ ተሕዋስያኑ መከፋፈል ተሳናቸው። ከዚህም ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ፤ በ1978 ዓ. ም. በአሜሪካ ለሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር ክር ይቋጥራል፤ የተቋጠረውም ሕዋስ መባዛት አቅቶት ይሞታል።

ዳሩ ግን በደም ሥር የገባው መድኃኒት ወደ ነቀርሳው ብቻ አይሄድም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ በደም ፈሳሽ ካለው ፕላቲን ከመቶ 90 ያህሉ ከፕሮቲን ጋራ ይጣበቃል። የሚጣበቅበትን ሥፍራ ለማወቅ ሊቃውንት የመረጡት የዶሮ እንቁላል ነጭ ነው። በእርሱ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል ፕሮቲን አለ፤ 129 አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የተሠራ ነው። ይህን ፕሮቲን ክሪስታል አድርገው፥ መድኃኒቱንም አግብተው የራጅ ጨረር ቢሰዱበት፥ ፕላቲኑ በ15ኛው ፍሬ ላይ፥ ሂስቲዲን በሚባለው፥ ተቀምጦ ተገኘ። ከዚያም በ2015 ዓ. ም. በሰው ደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በዚሁ መንገድ ተመርምሮ፥ ፕላቲኑ በሂስቲዲንና ድኝ ባለበት በሜቲዮኒን ላይ እንደሚይዝ ታየ።

እንግዲህ የሚያድነው መድኃኒት የሚያደክምም የሆነው፥ የሚይዘው ብዙ ስለ ሆነ ነው። ማስታወክ፥ የጆሮ መጮኽ፥ የኩላሊት መጎዳት ከእርሱ ጋራ ይመጣሉ። ሐኪሞች ኩላሊትን ለመጠበቅ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጡት ስለዚህ ነው። በአገራችን ሴቶችን እጅግ ከሚጎዱት አንዱ የማኅፀን በር ነቀርሳ ሲሆን፥ ይህ መድኃኒት ከጨረር ሕክምና ጋራ ተባብሮ ይሰጥበታል።

ስለዚህ አስታማሚ ሁሉ «መድኃኒቱ ከበሽታው ባሰ» ብሎ ሕመምተኛዋን ከመንገድ አይመልሳት። የሽንት ማነስ፥ የጆሮ መጮኽ ወይም ትኩሳት ቢታይ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይንገር፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ደም የታያት ወይዘሮም አፍራ አትደብቅ፤ ቀድሞ የታወቀ ነቀርሳ ለመዳን ይቀላልና። ሊቃውንት በአንዲት እንቁላል ውስጥ ያለውን ምሥጢር ለማየት ይህን ያህል ከደከሙ፥ እኛም ለገዛ እናቶቻችን የአንድ ቀን መንገድ አይክበደን።