«እሺ» ማለት ገባኝ ማለት ነው?

ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ የኮልፌ ቀራኒዮ ልጅ አይገረምም። ሰፈር ነው። ትናንት ከክፍለ ሀገር ለገባ ዘመዳችሁ «ዓለም ባንክ ጋ ጠብቀኝ» ብትሉት ግን ባንክ ሲፈልግ ሊውል ይችላል። እናንተ በትክክል ተናግራችኋል፣ እሱም በትክክል ሰምቷል። ግን አልተግባባችሁም።

ኢኮኖሚክስ ለዚህ ነገር ስም አለው፦ «የዕውቀት እርግማን»። ካሜረር፣ ሎዌንስታይንና ዌበር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ያስተዋወቁት ሐሳብ ነው። አንድን ነገር አንዴ ካወቅነው፣ የማያውቀው ሰው እንዴት እንደሚያስብ መገመት ያቅተናል። በዓመቱ ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ተማሪ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው እንዲያንኳኩ አደረገች። አንኳኪዎቹ «ግማሹን ያውቁልናል» ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ነው። ዜማው የሚሰማው በአንኳኪው ጭንቅላት ውስጥ ነዋ! ለሰሚው ኳ ኳ ብቻ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሰዓቱም አለ። ቀጣሪ «ለቃለ መጠይቅ 9:00 ይምጡ» ብሎ መልእክት ላከላችሁ እንበል። እሱ ያሰበው ጠዋት 3 ሰዓትን ነው። እናንተ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከሄዳችሁ 6 ሰዓት አርፍዳችኋል።

ሥራስ ቢያመልጥ ሌላ ይፈለጋል። መድኃኒት ሲሆን ነው የሚከፋው። እዚሁ ዘነበወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል አለ፤ ከየክልሉ ታካሚ ይመጣል። እዚያም ሆነ ሌላ ሆስፒታል፣ ሐኪም «በየ12 ሰዓቱ ይዋጡ» ሲል አንዲት እናት «12 ሰዓት ላይ» ብለው ሊረዱት ይችላሉ። በቀን ሁለቴ መወሰድ የነበረበት አንዴ ሆነ ማለት ነው። እና ምን ብለው ይወጣሉ? «እሺ ዶክተር»። ደግሞ መጠየቅ ይከብዳል፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ይሉኝታም አለ። «እሺ» እኛ ዘንድ ስምምነትም፣ አክብሮትም፣ «በቃ ልሂድ»ም ነው።

ስለዚህ ጎበዝ የጤና ባለሙያ «ገባዎት?» ብሎ አያቆምም። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት እንደሚወሰድ ምን ብለው ይነግሯታል?» ይላል። ሰውየውን ፈተና ላይ አላስቀመጠም፤ የራሱን አነጋገር ነው የፈተሸው።

እኛም ይህን መዋስ እንችላለን። በቴሌግራም «እሺ» ሲመጣላችሁ «የት ነበር ያልነው?» በሉ። ቀጠሮ ስትልኩ ደግሞ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ ስልክህ ላይ 9:00» ብላችሁ ጻፉ። «ጠዋት» ሦስት ፊደል ናት፤ ካርድም አትጨርስም።